በአራዳ የፈረስ ስም ፍለጋ

ፒያሳ የሚደርስ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በምኒልክ ሐውልት ላይ ነው። እኔን የማረከኝ ግን ፈረሱ ነው፤ የፊት እግሮቹን ከመሬት አንሥቶ ሽምጥ ሊጋልብ የተዘጋጀ ይመስላል። ሐውልቱ የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያን ነቅሎ ቀበረው፤ ከድል በኋላ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይህን የአራዳ ሰፈር የወደድኩት በፈረስ ስም በኩል ነው። የጥንቱ ጀግና በፈረሱ ይጠራ ነበር፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። ወታደሩም «የአባ ዳኘው አሽከር!» እያለ ይፎክር ነበር።

ወደዚህ አደባባይ በየካቲት 23፣ በዓድዋ ድል በዓል ጠዋት ኑ። ፈረሰኞች የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻና ጦር ይዘው ይመጣሉ። ቀርቤ ያየሁት ፈረስ ኮርቻው በጥልፍ ግላስ ተሸፍኗል፤ ጋላቢው ልጓሙን ሳብ፣ ለቀቅ እያደረገ ያረጋጋዋል። የአያቶቻችን እርካብ የእግር አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ቀለበት ነበረች፤ ፈረሰኛው በባዶ እግሩ እሷን ቆንጥጦ ይዋጋ ነበር።

የምኒልክ ጦር ኑሮ ድካም ነበር። በጥቅምት 1888 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓድዋ እስኪደርስ ወራት ተጓዘ፤ ማታ ከሰፈር ሲያርፍም ለፈረስና ለበቅሎ ሣርና ውኃ መፈለግ ነበረበት። በጊዮርጊስ ዕለት፣ በየካቲት 23፣ የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች የጣሊያኑን ጄኔራል የዳቦርሚዳን ብርጌድ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ደመሰሱት። ፊት ለፊቴ ያለው ባለ ስምንት ማዕዘን ካቴድራልም የሚጠራው በዚሁ ቅዱስ፣ በጊዮርጊስ ስም ነው።

ከዚያ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድኩ። የራስ መኮንን ፈረስ አባ ቃኘው ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የክብር ዘበኛ ሻለቃ ይህንኑ ስም ይዞ ባሕር ተሻገረ። አሜሪካኖች በቬትናም ፈረሰኛ ክፍለ ጦራቸውን በሄሊኮፕተር ሲያዘምቱ የፈረሰኛነት ስሙን እንዳልጣሉት ሁሉ፣ የእኛም እግረኛ በፈረስ ስም ተዋጋ፤ አንድም ወታደር ሳይማረክበት ተመለሰ።

ዛሬ በፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትመጡ የጀግኖቹን ስም ብቻ አታስተምሯቸው፤ የፈረሶቹንም ጨምሩላቸው። ያ ድል ያለ እነሱ አይታሰብም።