ቃሉን ሳናውቅ የዘፈንነው

እኛ የሱዳን ዘፈን የምንወደው እንደ ብዙው የጎንደር ልጅ ነው፤ ቃሉን ሳናውቅ። ሰርግ ላይ ሲከፈት እንነሣለን፣ አዝማቹ ላይ ሲደርስ የመሰለንን እየቀባጠርን አብረን እንጮኻለን። ዐረብኛ የሚያውቅ ቢሰማን ምን ይል ይሆን? አስበነው አናውቅም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ሰዉም ከጋላባት ድልድዩን እየተሻገረ ወደ መተማ ይጎርፍ ጀመር። በዚያ ሰሞን እኛም ለሥራ መተማ ነበርን። ከሙቀቱ ሸሽተን አንድ ሻይ ቤት እንደተቀመጥን ባለቤቷ ያንን የሰርግ ዘፈናችንን በስልኳ ከፈተችው። እኛም እንደ ልማዳችን አብረን ማንጎራጎር! ጥግ ላይ ሻንጣቸውን ታቅፈው የተቀመጡ አንዲት ሐጃ መጀመሪያ በዐረብኛችን ሣቁ። ቀጥሎ ዓይናቸውን በቶባቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ልጆቼ፣ የማን ዘፈን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አሉን። ባለሻይዋ አስተረጎመችልን። አናውቅም።

«በላቢል» ናቸው። ትርጉሙ ዘማሪ ወፎች እንደማለት ነው። ሃዲያ፣ አማልና ሐያት ጠልሰም የሚባሉ ሦስት እኅትማማቾች እ.ኤ.አ. በ1971 ካርቱም ውስጥ የመሠረቱት ቡድን ነው። ዜማውን ይሠራላቸው የነበረው ኡድ ተጫዋቹ በሺር አባስ ነው። ሴት ልጅ መድረክ ወጥታ ስትዘፍን በሚወራባት ዘመን፣ ሦስቱም ከአንድ ቤት ወጥተው በአንድ ድምፅ ዘፈኑ። እኛም «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ስድብ አድርገን ስለኖርን ነገሩ ገባን።

ዜማው ለጆሯችን ባዕድ ያልሆነው በምክንያት ነው። የሱዳን ዘፈን እንደኛ ትዝታና ባቲ በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው። ጆሯችን ድንበሩን የተሻገረው ገና ድሮ ነው። ሰዎቹን ግን አናውቃቸውም ነበር።

ሐጃ ቃሉን አንድ በአንድ አረሙን። ለካ ስንጨፍርበት የኖርነው የናፍቆት ዘፈን ነው! ልጅ ሳሉ በኦምዱርማን ሬዲዮ ይሰሙት እንደነበር አጫወቱን። ቤታቸውን ቆልፈው መምጣታቸውንም ነገሩን፤ ቁልፉን አውጥተው አሳዩን።

በማግስቱ ስንመለስ አልነበሩም። ባለሻይዋ «የትኛዋ ሐጃ?» አለችን፤ በቀን ስንት ሐጃ ነው የሚያልፈው! ስም ጠርተን እንዳንነግራት ስማቸውን አልያዝንም። የሦስቱን ዘፋኞች ስም ጽፈን ይዘናል፤ የእሳቸውን ግን አልጠየቅናቸውም።