ስንቅ ይዞ ተራራ፦ ከስካይላንድ እስከ ቢግ ሜዶውስ በእግር

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች የዕረፍት ቀን ሲመጣ “የት እንሂድ?” ማለት የተለመደ ነው። ሞሉ ሰልችቶናል፣ ባሕር ዳርቻው ሩቅና ውድ ነው። ከዋሽንግተን ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ቢነዱ ግን ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ይደርሳሉ። ብዙዎቻችን በመከር ወቅት ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን በመኪና ዞረን አይተነዋል፤ ፎቶ ተነስተንም ተመልሰናል። እዚያው ከመኪናው መንገድ አጠገብ፣ በዛፎቹ መሐል፣ በእግር ብቻ የሚኬድ ሌላ መንገድ አለ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሱ ነው።

ስሙ አፓላቺያን ትሬል ይባላል። ከጆርጂያው ስፕሪንገር ተራራ ተነስቶ 14 ስቴቶችን አቋርጦ ሜይን ውስጥ ካታዲን ተራራ ላይ ያልቃል። ርዝመቱ ወደ 2,200 ማይል፣ በኪሎ ሜትር 3,500 ገደማ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1921 ያቀረበው ቤንተን ማካይ የሚባል ሰው ሲሆን፣ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር የተያያዘው በ1937 ነው። ወደ 550 ማይል የሚሆነው የሚያልፈው በቨርጂኒያ ነው፤ ከዚያም ውስጥ 100 ማይል ያህሉ በሼናንዶዋ ውስጥ ነው። ሙሉውን የሚሄድ ሰው አምስት ስድስት ወር ይፈጅበታል።

እኔና ባለቤቴ ባለፈው ሰኔ ከዚህ ሁሉ ስምንት ማይል ያህል ሄድን። ሁለታችንም አምሳን አልፈናል። ምግብ ቤት ስላለን ቀኑን ሙሉ ቆመን ነው የምንውለው፤ መቆም ግን መራመድ አይደለም። ሐኪሙ ለባለቤቴ “ስኳርህ ከፍ እያለ ነው፣ እግርህን አንቀሳቅስ” ብሎታል። ታላቁ ልጃችን የተራራውን ሐሳብ ሲሰማ “ይሄ ለእናንተ አይሆንም” ብሎ ሳቀ። አባትየው ዝም አለ። በሳምንቱ ሁለት የጀርባ ቦርሳና አንድ ድንኳን ይዞ መጣ።

በሁለት መኪና ነው የሄድነው። አንዱን ቢግ ሜዶውስ የድንኳን መስፈሪያው ጋ አቆምን፣ በሌላው ወደ ስካይላንድ ተመልሰን ከዚያ መራመድ ጀመርን። ለቤተሰብ ጥሩ ዘዴ ነው፤ የሄዱበትን መንገድ መልሶ መራመድ የለም።

ስለ ስንቅ ልንገራችሁ፤ ይሄ የኔ ሙያ ነው። የጀርባ ቦርሳ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው የሚፈልገው ምግብ ቀላል፣ የማይበላሽ፣ እሳት የማይፈልግና ጉልበት የሚሰጥ ነው። ሱቅ ውስጥ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ በውድ ዋጋ ይሸጣል። እኛ የያዝነው በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የገብስ ቆሎና ትንሽ ጭኮ ነበር። አያቶቻችን ገበያ ሲሄዱ፣ ሲዘምቱ፣ ሲሳለሙ የያዙት ያንኑ ነው። በሶውን ያለ ስኳር፣ በጨውና በውሃ በጠበጥነው። ውሃ ግን ይከብዳል፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ ሌላውን ዕቃ በተቻለ መጠን ቀነስን።

መንገዱን ለመሳት ይከብዳል። በየዛፉ ላይ ሁለት ኢንች በስድስት ኢንች የሆነ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ነጩን እየተከተሉ መሄድ ነው። ሰማያዊው ወደ ጎን የሚወስድ መንገድ ነው። ሰኔ ላይ ማውንቴን ሎረል የሚባለው ቁጥቋጦ ነጭና ሮዝ አበባ አብቦ ነበር። ጥላው ቀዝቃዛ ነው፤ ድንጋዩ ግን ጉልበት ይፈትናል። እኔ ቀርፋፋዋ ስለሆንኩ ከፊት ሆንኩ። ሁለት ሰዎች ሲሄዱ ቀርፋፋው ከፊት ይሁን፤ ፈጣኑ ከቀደመ ሌላው ሲሮጥ ነው የሚውለው።

እኛ ወደ ደቡብ ስንሄድ ከጆርጂያ የተነሱት ደግሞ ወደ ሰሜን ይመጣሉ። ከሦስት ወር በፊት የተነሳች አንዲት ወጣት አገኘን። እነዚህ ተጓዦች ሁልጊዜ ይርባቸዋል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ዳቦ ቆሎ ሰጠኋት። አንድ እፍኝ በላች፣ ሁለተኛም ደገመች፣ “ምንድን ነው?” ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ “የእኛ አገር የመንገደኛ ምግብ ነው” አላት። የቀረውን ከነፌስታሉ ሰጠናት። እሷም ኤማ ጌትውድ ስለምትባል ሴት አጫወተችን፦ የ11 ልጆች እናት፣ በ1955፣ በ67 ዓመቷ፣ ራሷ የሰፋችውን ከረጢት ትከሻዋ ላይ አድርጋ ይህንን መንገድ ብቻዋን ጨርሳለች። ባለቤቴ ይሄን ከሰማ በኋላ ስለ ጉልበቱ አላነሳም።

ከሰዓት በኋላ ሆክስቢል ጋ ደረስን። የፓርኩ ከፍተኛ ተራራ ነው፤ 4,051 ጫማ፣ ወደ 1,235 ሜትር። አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ ጫፍ በጣም ከፍ ትላለች! ነጩ ምልክት ጫፉ ላይ አይወጣም፣ በጎን በኩል በድንጋይ ክምር መሐል ያልፋል። ባለቤቴ ጫፉ ላይ ወጥቶ ለልጁ ፎቶ ሊልክ ቋምጦ ነበር። ያን ጊዜ ከሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ። ነጎድጓድ ከተሰማ ገላጣ ጫፍ ላይ አይወጣም፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማም በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ወደ ላይ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ “ይቅር፣ ተራራው የትም አይሄድ” አለ። በታችኛው መንገድ ቀጠልን።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው የተናገረው። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን የምናወራው ስለ ሥጋ ዋጋና ስለ ሠራተኛ ነው። እዚያ ግን እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ የሚያየው ቦርሳዬን ብቻ ነው። “ደክሞኛል” አለኝ። “እንረፍ?” አልኩት። “የዛሬውን አይደለም የምልሽ። በየቀኑ መክፈቱ ነው የደከመኝ። ልጆቹ አድገዋል፤ ለማን ነው እንዲህ የምንሮጠው?” አለ። ዘወር ብዬ አላየሁትም፤ ባየው ኖሮ የሚተወው መሰለኝ። እየተራመድን ስለ ኪራዩ፣ ስለ ገቢው፣ ስለ ጤናው አወራን። ሮክ ስፕሪንግ የሚባለው መጠለያ ጋ ደርሰን የምንጩን ውሃ እያጣራን ሳለ ነገሩ አለቀ፦ ሰኞ ሰኞ እንዘጋለን።

ማታ ቢግ ሜዶውስ ደርሰን ድንኳን ተከልን። የሚበላ ነገር በሙሉ፣ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ መኪና ውስጥ ተቆለፈበት፤ አካባቢው የጥቁር ድብ አገር ነውና። ድብ አላየንም። ሜዳው ላይ ግን አጋዘኖች ሲግጡ እስኪጨልም አየናቸው።

ለልጆቻችን መንገር ያለብን አንድ ነገርም አለ። ከቢግ ሜዶውስ ጥቂት ማይል ወደ ደቡብ ሉዊስ ማውንቴን የሚባል መስፈሪያ አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለጥቁሮች ተለይቶ የተሰጠው እሱ ነበር፤ መለያየቱ ፈጽሞ የቀረው በ1950 ነው። ዛሬ የፈለግንበት እንሰፍራለን። ልጆች “ተራራ የፈረንጅ ነው” ሲሉ ይሄንን ብታጫውቷቸው ጥሩ ነው።

መሄድ ለምታስቡ፦ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ማይል ሞክሩ። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ አትሂዱ። የዝናብ ልብስ ያዙ፤ ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም፣ ስለዚህ የወረቀት ካርታ ይኑራችሁ። የምንጭ ውሃ ሳይጣራ ወይም ሳይፈላ አይጠጣ። ማታ የልጆቹን እግርና አንገት ለመዥገር ተመልከቱ። ከመስፈሪያው ውጭ ጫካ ውስጥ ለማደር የፓርኩን ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው።

ስኳር በአንድ ቀን ጉዞ አይወርድም። ግን ሰኞ ጠዋት አሁን አብረን አንድ ሰዓት እንራመዳለን። ደንበኞቻችን መጀመሪያ አኮረፉ፤ አሁን ማክሰኞ ይመጣሉ።