የእጅ ሙያተኛው ጎጆ በዓለም ባንክ ሰፈር

ከጦር ኃይሎች ተነስቶ በአየር ጤና በኩል የሚጓዝ ሰው «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» የሚለው የታክሲ ረዳት ጥሪ አያመልጠውም። አገሩን የማያውቅ እንግዳ ብር የሚቆጠርበት ትልቅ ሕንፃ ይጠብቅ ይሆናል። የሚያገኘው ግን ልጅ የሚያድግበትና ወጥ የሚወጠወጥበት የመኖሪያ ሰፈር ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተካሄደው የመኖሪያ ቤት ሥራ ነው።

በዚያ ዘመን ቤት ማለት ብዙ ነገር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው አድርጎ ስለነበር፣ ያቺው አንዲት ጎጆ የአባወራውም የእመቤቲቱም የዕድሜ ልክ ሀብት ነበረች። ያ ገደብ ዛሬ ባይኖርም በላቡ ለሚያድር ሰው ነገሩ እምብዛም አልተለወጠም። አንድ ቤት ሠርቶ ለልጆቹ ማቆየት እስካሁንም ትልቁ ምኞቱ ነው።

በሰፈሩ መንገዶች ላይ የእጅ ሙያተኛውን ማግኘት አያስቸግርም። ብረት በያጁ የመስኮትና የበር ፍሬም ያያይዛል፤ አናጺው አልጋና ቁም ሣጥን ይገጥማል፤ ልብስ ሰፊው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይተኩሳል። ግንበኛውና ቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ ማለዳ ወጥተው ሲመሽ ይመለሳሉ። ከእያንዳንዱ ሙያተኛ ጀርባ ብዙውን ጊዜ አንዲት ሴት አለች። ለሠራተኞች ምሳ የምታበስለው፣ የዕለቱን ገቢ ቆጥራ ለእቁብ የምታስቀምጠው፣ ባልዋ ሥራ ባጣ ወር እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ቤቱን የምታቆመው እሷ ነች።

ከእነዚህ ጎጆዎች መካከል ያለ ውል የተመሠረቱ አሉ። ሁለቱ ወጣቶች ቤት ተከራይተው አብረው መኖር ይጀምራሉ፤ «ሠርጉን ገንዘብ ስናገኝ እናደርገዋለን» ይላሉ። ልጅ ይወለዳል፤ ሁለተኛው ይከተላል፤ ሠርጉ ይረሳል። ሰውየው ክፉ አይደለም። አስቤዛ ያመጣል፣ የትምህርት ቤት ይከፍላል፣ ልጅ ሲታመም ሌሊት ይዞ ይሮጣል። ጎረቤቱም «ባልና ሚስት» ይላቸዋል። ታዲያ ምን ጎደለ? የጎደለው የሚታወቀው ሰውየው ከመወጣጫ ወድቆ ወይም ታሞ የሞተ ዕለት ነው።

ነገሩ በእኛ አገር አልተጀመረም። በእንግሊዝ አገር በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901 ድረስ፣ ብዙ ሙያተኞች ከሚወዷት ሴት ጋር ሳይጋቡ ኖረዋል። አንዱ ምክንያት ፍች ነበር። እስከ 1857 እ.ኤ.አ. ድረስ ፈትቶ ሌላ ለማግባት የፓርላማ ሕግ ያስፈልግ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ወጪው ለአናጺና ለጫማ ሰፊ የሚቀመስ አልነበረም። በዚያ አገር ሕግ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ «የማንም ልጅ» ይባል ነበር። አባት ሳይናዘዝ ከሞተ ሱቁና መሣሪያው ለሕጋዊ ዘመዶቹ ይሄዳል፤ አብራው የደከመችው ሴትና ልጆቿ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። በኑዛዜው ላይ «ልጆቼ» ብሎ ቢጽፍ እንኳ ፍርድ ቤቶቹ ቃሉን በጋብቻ የተወለዱትን ብቻ እንደሚመለከት አድርገው ይተረጉሙት ነበር። ስለዚህ አስተዋዩ ሙያተኛ ሴትዮዋንና እያንዳንዱን ልጅ በስም እየጠራ ይናዘዝ ነበር። የፍቅሩ መጨረሻ ማረጋገጫ ያ ወረቀት ነበር።

በአገራችንም ከሰማንያና ከቁርባን ሌላ «የደሞዝ ጋብቻ» የሚባል ልማድ ነበር። አገር ለአገር የሚዞር ነጋዴ ወይም ወታደር ለአንዲት ሴት ደሞዝ ቆርጦላት አብራው ትኖራለች። ልጆቹ አባታቸውን ሊወርሱ ይችሉ ነበር፤ እሷ ግን ከደሞዟ በቀር ድርሻ አልነበራትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ያለ ጋብቻ አብሮ መኖርን ቢያውቀውም፣ የጋራ ንብረት ግን አያስገኝም ነበር።

ለአዲስ አበባ እናቶች ነገሩ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ወንድና ሴት ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ 3 ዓመት አብረው ከኖሩ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የተለየ ስምምነት ከሌላቸው በቀር የሁለቱም ነው። ሰውየው ቢሞት ግማሹ የሷ ሆኖ፣ የሱ ግማሽ ለወራሾቹ ይተላለፋል። በዚህ ኑሮ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅም አባቱ ያው ሰው እንደሆነ ሕጉ ይቆጥራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። «ዲቃላ» የሚለውን የመንደር ስድብ ሕግ አያውቀውም።

ሆኖም መብት ማለት ማስረጃ ነው። የጋብቻ ወረቀት ያላት ሴት ወረቀቷን ታቀርባለች፤ ወረቀት የሌላት ግን አብራ መኖሯን፣ መቼ እንደጀመረች፣ ቤቱም በዚያ ጊዜ የተሠራ መሆኑን ማስረዳት ይኖርባታል። ያውም በሐዘን ላይ ሆና፣ ምናልባትም «አናውቅሽም» ከሚሉ ዘመዶች ጋር ተካክሳ። ሰውየው በሕግ ያልፈታት ሌላ ሚስት ካለችው ደግሞ ጉዳዩ የባሰ ይወሳሰባል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በአገራችን የውርስ ሕግ ባልና ሚስት እንኳ ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም፤ የሟች የመጀመሪያ ወራሾች ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ አባት ከራሱ ድርሻ ለልጆቹ እናት ማቆየት ከፈለገ መናዘዝ አለበት። ኑዛዜው በራሱ እጅ የሚጻፍ ከሆነ ሙሉ በሙሉ እሱ ራሱ ጽፎት፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ቀን አስፍሮ በየገጹ ይፈርማል። በሌላ ሰው የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ በ4 ምስክሮች ፊት ተነብቦ እሱም እነሱም ወዲያው ይፈርማሉ። ምስክሮቹ ከንብረቱ የማይጠቀሙ ሰዎች ቢሆኑ ነገር አያስነሳም።

ኑዛዜ እስኪጻፍ ድረስም የሚሠራ ሥራ አለ። የልጅ ልደት በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ በወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ የአባትም ስም ተጠቅሶ ይመዝገብ። የቤት ኪራይ ውል፣ የማገርና የቆርቆሮ ደረሰኝ፣ የእቁብ ደብተር አይጣል። በእድር መዝገብ ላይ የሁለቱም ስም ይግባ። ከሁሉም የሚቀለው ግን ሳይጋቡ የኖሩ ሰዎች በክብር መዝገብ ሹም ፊት ቀርበው መጋባታቸው ነው፤ ለዚያ ድንኳንም ሰንጋም አያስፈልግም።

እናቶች ሆይ፣ ይህን ጉዳይ ማንሳት ሰውየውን አለማመን አይደለም፤ ሟርትም አይደለም። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። ለሰው ቤት የሚገጥመው በር እንዳይወድቅ ሁለት ጊዜ የሚበይድ ሙያተኛ፣ የራሱን ጎጆ በአንድ ቃል ብቻ አንጠልጥሎ መተው አይገባውም። ዛሬ ማታ እራት ከተበላ በኋላ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ቡናው እየፈላ ቢነጋገሩበት መልካም ነው።