ወሩን የማያውቀው ማን ነው?

ዛሬ ስትቀባበሉት የዋላችሁትን ፎቶ ሁላችሁም አይታችሁታል። ከንፈሯ ላይ ሸክላ ያደረገች የሙርሲ ሴት ናት፤ ከሥሯ «እነዚህ እኮ ስንተኛው ወር ላይ እንዳሉ እንኳ አያውቁም» ይላል። ሳቁ ያልፋል፤ ያንገበገበኝ ከሳቁ ሥር ያለው እምነት ነው። እነሱ የባህል እስረኞች ናቸው፣ እኛ ግን በገዛ ጭንቅላታችን እናስባለን የሚለው።

እስቲ ስለ ወሩ ራሱ እንነጋገር። ከሙርሲዎች ጋር ለአሥርት ዓመታት የሠራው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ከክላይቭ ራግልስ ጋር በ1978 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት የሚናገረው በትክክል ስለዚህ ነው። ሙርሲዎች ወራትን በጨረቃ ይቆጥራሉ። ስንተኛው ላይ ነን ሲባሉ አንዱ አምስተኛው ነው ይላል፣ ሌላው ስድስተኛው ነው ብሎ ይሟገተዋል፤ ጨርሶ የሚፈርድ አለቃም የለም። የሚፈርደው ኦሞ ነበር። ወንዙ ሲሞላና የዘሩ ጊዜ ሲደርስ ማን ልክ እንደነበር ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይታወቅ ነበር። ይህን አለማወቅ የሚለው ችግሩን ያልተረዳ ሰው ነው። አሥራ ሁለት ጨረቃ 354 ቀን ያህል ነው፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ይጎድላል። ይህ ጉድለት ካልተሞላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመዝሪያው ወርና ዝናቡ ይተላለፋሉ። የእኛ ሊቃውንት ይህችኑ 11 ቀን በባሕረ ሐሳብ ጥንተ አበቅቴ ብለው ይዘው አጽዋማትንና በዓላትን ያወጡባታል። ሙርሲዎች ደግሞ ጉድለቱን የምትሞላውን ተጨማሪ ጨረቃ በክርክራቸው ውስጥ ያስገቧታል። አለመስማማታቸው ራሱ መቁጠሪያው እንዳይዛነፍ ይጠብቀዋል። ሁለቱም የአእምሮ ሥራ ነው፤ አንዱ ብራና ላይ ሰፈረ፣ ሌላው በሰዎች አፍ ላይ ቀረ።

ኮከብም ይቆጥራሉ። የደቡብ መስቀል የምንላቸው ኮከቦች ሲመሽ ከአድማስ ሥር በየተራ ሲጠልቁ እያዩ የኦሞ ሙላት የት እንደደረሰ ይለዩ ነበር። ይህን ካነሣሁ ዘንድ የሆዴን ልናገር። ያ ሙላት ዛሬ የለም። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አጨበጨብን። ወንዙ ሲሸሽ በሚተወው ርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩት ሙርሲዎች፣ ካሮዎችና ኩዌጉዎች ግን ማሳቸውን የሚያጠጣ ሙላት አጡ። መብራት አያስፈልግም ወይ የሚለኝ አለ፤ ያስፈልጋል። ሙላቱ ይገድል ነበር የሚለኝም አለ፤ እውነት ነው፣ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ከ360 በላይ የዳሰነች ሰዎች ወስዷል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ግድቡ ሲወራ ሜጋ ዋቱ ተቆጠረ፤ ሰማዩን፣ ወንዙንና እርሻውን አንድ ላይ ያሰረው እውቀት ግን እውቀት ተብሎ አልተቆጠረም። ባህላችን እውቀት ማለት ትምህርት ቤት የተገኘ ነገር ነው ብሎ ስላሳደገን ዓይናችን አላየውም።

እኛስ? ፀሐይ ስትወጣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው የምንል፣ ዓመቱን በ13 ወር የምንከፍል ሰዎች ነን። ፈረንጅ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የቀሩ ብሎ ሲቀልድብን ደማችን ይፈላል፤ ልክም ነን። ግን ያንኑ ቀልድ ወስደን ሙርሲ ላይ እንደግመዋለን። በስሜትም ቢሆን ከባህል ነጻ አይደለንም። እየበላ ሳለ ሰው ሲመጣበት «እንብላ» ያላለ ሰው ጉርሻው ይተናነቀዋል፤ ይህን ያዘዘ አንቀጽ የለም። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ለሠርግ የሚበደር ሰው፣ የሐመር ልጅ ከብት ሳይዘል ሚስት አላገባም ማለቱ ሊገርመው አይገባም።

«ታዲያ ሚንጊስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። በካሮዎች ዘንድ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን ሚንጊ ነው፣ ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ይገደል ነበር። ማስረዳት ማጽደቅ አይደለም፤ ሕፃን መግደል ግፍ ነው፣ በማንም ባህል። ነገር ግን እንዴት እንደቀረ ተመልከቱ። የወንጀል ሕጉ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነበር፤ የካሮ ሽማግሌዎች ግን ልማዱን በሥርዓት የሻሩት በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ብቻውን ያልቻለውን ነገር ከመካከላቸው የወጣው ላሌ ላቡኮና መሰሎቹ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው፣ ዓመታት ፈጅተው፣ በካሮ ወግ ተሟግተው አስጨረሱት። የዳኑት ልጆችም ጂንካ ውስጥ አደጉ። ባህል ሰውን ይቀርጻል፤ ሰውም ቁጭ ብሎ ሲመክር ባህሉን ይቀርጻል። እስረኛ የሚሏቸው ሰዎች ይህን አድርገዋል።

ጂንካ የምትሄዱ፣ ከተማዋን ቁልቁል ከሚያየው ኮረብታ ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ሳታዩ ወደ መንደሮቹ አትውረዱ። መጀመሪያ ጠይቁ፤ ካሜራው ይቆይ።