ባሕር በሃይላንድ

ስለ ውቅያኖስና ባሕር ባስተማርኩ ቁጥር አንዷ ጥያቄ አትቀርም። "ቲቸር፣ ባሕር አይተህ ታውቃለህ?"

አላውቅም። ግን ፉሪ ስለምንኖር አንዲት ማምለጫ አለችኝ። "እኛ እኮ ባሕር አጠገብ ነው የምንኖረው" እላቸዋለሁ። ሲስቁ በመስኮቱ ወደ ፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ እጠቁማለሁ። ያ ሐዲድ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚያበቃው ጅቡቲ ነው። እኛ በዚህኛው ጫፍ፣ ባሕሩ በዚያኛው ጫፍ። ከዛ ወደ ትምህርታችን።

ቤት ግን እንዲህ ብዬ አላመልጥም። አብሮኝ የሚኖረው አባቴ የአሰብ ሾፌር ነበር።

ለማታውቁት፣ አሰብ ከአዲስ አበባ ወደ 880 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ኤርትራ በ1985 ነፃ አገር ከሆነች በኋላም መኪኖቻችን እስከ 1990 ይመላለሱ ነበር። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ዲቾቶ፣ ኤሊዳር፣ ቡሬ። እኔ ሀ ሁ ሳልጨርስ እነዚህን በቃሌ እወጣቸው ነበር።

አባቴ ፊያቱን ከነተሳቢው ወደብ አቁሞ የጭነት ተራ እስኪደርሰው አንዳንዴ ሳምንት ይቀመጣል። ሲመለስ ስለ ጭነቱ ምንም አይልም። የሚያወራው ስለ አሰብ ኑሮ ነው። ሙቀቱ ቤት ስለማያስተኛ ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ እንደሚያድር። ንፋስ የተነሳ ቀን ምሳህን ከአሸዋ ጋር እንደምትበላ። አንድ ጠዋት ጫማውን ሳያራግፍ እግሩን ቢከት ሸርጣን ቆንጥጦት በአንድ እግሩ እየዘለለ ካምፑን ሁሉ እንዳሳቀ። ዋና ሳይችል ጓደኞቹ ይዘውት ገብተው በጀርባው ሲያስተኙት ውሃው ራሱ ወደ ላይ እንደገፋው። "ይሸከምሃል እኮ!" ይለኛል፣ እጁን እንደ ጀልባ አድርጎ።

አምስተኛ ክፍል ሆኜ "ካለፍክ ክረምት ላይ ይዤህ እሄዳለሁ" አለኝ። 1990 ነበር። ግንቦት ላይ ጦርነቱ ተጀመረ፣ መንገዱ ተዘጋ። ሰኔ ላይ ሦስተኛ ወጥቼ ካርዴን ሰጠሁት። አየው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ስለ አሰብ ሲያወራ አልሰማሁትም። እኔም አልጠየቅኩትም። ልጅ ነኛ! መንገዱን የዘጋው አባቴ መስሎኝ ተቀይሜው ነበር። ቂሙ መቼ እንደለቀቀኝ እንኳ አላስታውስም፤ ዝምታው ግን አብሮን አደገ።

ባለፈው እሁድ አንድ የድሮ ተማሪዬ በር አንኳኳ። ዘጠነኛ ክፍል መጨረሻ ዴስክ ላይ የሚተኛ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ ተማሪ ሁሉ ፊት "አንተ የትም አትደርስም" ብዬዋለሁ። ይሄ ልጅ ከረዳትነት ተነስቶ አሁን ሲኖትራክ እየነዳ ጅቡቲ ይመላለሳል። እኔ ነኝ የትም ያልደረስኩት።

ከፌስታል አንድ ሊትር ሃይላንድ አወጣ። "ቲቸር፣ ባሕር አላየሁም ብለኸን አልነበር? ሙሉውን ማምጣት ስላልቻልኩ ቀንሼ አመጣሁልህ። ከወደቡ ራቅ ብዬ ነው የቀዳሁት።"

አባቴ ከተቀመጠበት ቀና አለ። "በየት ነው የምትሄደው?"

"በጋላፊ ነው አባባ። እስከ ዲቾቶ ያው የእርስዎ መንገድ ነው።"

በቃ፣ እኔ ቡና አቅራቢ ሆንኩ። ሰርዶ ላይ ያለውን ሙቀት፣ ጎማ እንዴት እንደሚፈነዳ፣ ውሃ የት እንደሚያዝ ሁለቱ ሾፌሮች እስኪመሽ አወሩ። አባቴ ይሄን ያህል ሲያወራ ከሰማሁት ስንት ዓመቴ! የሸርጣኑ ታሪክ እንኳ ተደገመ፤ እኔም ልክ እንደ ድሮው ሳቅኩ።

ልጁን ስሸኝ በር ላይ "ያኔ ክፍል ውስጥ ስላልኩህ ነገር..." ብዬ ጀመርኩ። "ምን አልከኝ ቲቸር?" አለና ሳቀ። ረስቶት ይሁን ሊሸፍንልኝ፣ አላወቅኩም።

ስመለስ አባቴ ሃይላንዱን ከፍቶ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። "የአሰቡ ጨው ይበልጣል" አለ።

መምህር ነኝና ቁጥሩን አውቀዋለሁ። አንድ ሊትር የውቅያኖስ ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ፤ ቀይ ባሕር ወደ ሰሜን ሲኬድ 40 ይደርሳል። አሰብ ግን ለባብ ኤል መንደብ ቅርብ ስለሆነ ከጅቡቲው ጋር ያለው ልዩነት በምላስ የሚለይ አይደለም። ይሄን ሁሉ አውቄ "ይበልጣል አባዬ" አልኩት።

"እጅህን ዘርጋ" አለኝ። ዘረጋሁ። እጁ እየተንቀጠቀጠ አፈሰሰልኝ።

"የአምስተኛ ክፍሉ ነው" አለ።

ለካ አልረሳውም። ይሄን ሁሉ ዓመት ሁለታችንም ይዘነው ነበር።

ቀመስኩት። ጨው ብቻ አይደለም፣ ይመራል። ስንት ዓመት ሳስተምር "ጨዋማ" ብዬ አልፍ ነበር፤ እንደሚመር ለማንም ነግሬ አላውቅም።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ በንዴት "የትም አትደርሱም" ያልኳችሁ ካላችሁ፣ እዚሁ ሁላችሁም ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያኔም የተናገርኩት ሰው ፊት ነው።

ሃይላንዱ ግማሽ ድረስ ውሃ እንዳለው ቡፌው ላይ ተቀምጧል። አባቴ እንዳይደፋ ይጠብቀዋል። ሰኞ ለምኜው ክፍል ይዤው እገባለሁ። መቅመስ የሚፈልግ እጁን ያወጣል።