በር ያለው ጓዳ

የሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስት ደርሶ ክራውን ባርን ሳያይ የሚመለስ ሰው ይገርመኛል። ባለቀለም መስታወቱና የጋዝ ፋኖሱ የንግሥት ቪክቶሪያን ዘመን ያስታውሳል፤ ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ማኅበር በ1978 እ.ኤ.አ. ገዝቶ አድኖታል።

የኔን ልብ የወሰዱት ግን አሥሩ የእንጨት ጓዳዎች ናቸው። በር አላቸው! ሲጠጣ መታየት የማይፈልግ ጨዋ ገብቶ ይዘጋ ነበር፤ አሳላፊ ሲያሻው ደወል ይጫን ነበር። የክብሪት መጫሪያ ብረት ሳይቀር ተሰክቶለታል። (ለንስሐ ልጅም ለንስሐ አባትም የሚመች ቤት ነው።)

ምግቡስ? የአይሪሾች ወጥ በርበሬ የሚባል አያውቅም፤ በግ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ በቃ። ለኛ ምላስ አልጫ ነው። ቀዩ ኤል ቢራ ሲከተለው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሳህኑ ባዶ ይሆናል፤ ሁለተኛ ብርጭቆም ያሳዝዛል።