የእግር ድርሰት

በግእዝ «ዘፈነ» ማለት እግሩን አንሥቶ፥ አካሉን አወዛውዞ ተጫወተ ማለት ነው፤ የሄሮድያዳ ልጅ በሄሮድስ ፊት ያደረገችው ይኸው ነበረ። በአማርኛችን ግን ቃሉ ከእግር ወደ አፍ ወጣ። ዛሬ ዘፈን የምንለው በድምፅ የሚዜመውን ነው፤ ለእግሩ ሥራ «ውዝዋዜ» የሚል ሌላ ስም ተሰጠው። ነገሩን ሳስበው ከስሙ ጋራ ክብሩም የተወሰደ ይመስለኛል። ግጥም የጻፈ ደራሲ ይባላል፥ ዜማ ያወጣም እንዲሁ፤ ሃያ ሰው በአንድ ልብ የሚረግጥበትን ሥርዐት በራሱ አሳብ ያቀናበረውን ግን ስሙን የሚጠይቅ የለም።

ይህን እንድጽፍ ያስነሣችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ለአንድ የመድረክ ትርኢት ሦስት ወር ሙሉ ደክማ አንድ ውዝዋዜ አዘጋጀች። ዓመት ሳይሞላ ያንኑ ከመግቢያው እስከ መውጫው በሌላ ሰው የዘፈን ፊልም ውስጥ አየችው። የዘፋኙም፥ የግጥም ደራሲውም፥ የፊልም አንሺውም ስም ተጽፎአል፤ የርሷ ግን የለም። «ጋሼ፥ ዜማ ቢሰረቅ ዳኛ አለው፤ የኔስ ዳኛ ማን ነው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የቆየ ጥያቄ ነው። ሎይ ፉለር የምትባል አሜሪካዊት ሰፊ የሐር ቀሚሷን በመብራት ውስጥ እንደ ማዕበል እያንሳፈፈች በምታሳየው «የእባብ ውዝዋዜ» ስሟ ተጠርቶ ነበር። ሌላ ሴት ይህንኑ በመድረክ ብታሳይ ፉለር በኒው ዮርክ ከሰሰች። አካሄዱን በጽሑፍ አስፍራው ነበር፤ ዳኛው ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1892 ዓመት፥ ውዝዋዜው ታሪክ አይናገርም፥ ገጸ ባሕርይም አያሳይም፥ ስለዚህ የቴአትር ድርሰት አይደለም ብሎ ክሷን አልተቀበለም። ፉለር ጽሑፍ ነበራት፥ ሕግ ግን አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ተሻሻለ። በጀርመን አገር የተወለደችው ሐንያ ሆልም «ኪስ ሚ ኬት» ለተባለው የሙዚቃ ቴአትር ያዘጋጀችውን ውዝዋዜ፥ ሩዶልፍ ላባን በ1928 ባሳተመው የእንቅስቃሴ መጻፊያ ምልክት አስጽፋ በ1952 በአሜሪካ አስመዘገበች። የዚያ አገር ሕግም በ1976 ወጥቶ ከ1978 ጀምሮ በጸናው አዋጅ ውዝዋዜን በስሙ ጠርቶ ጠበቀው።

በአገራችንም ሕጉ አልጠፋም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለመድረክ የተደረሰ ውዝዋዜን ከሚጠበቁት ሥራዎች ጋራ ይቈጥረዋል፤ መብቱም ደራሲው በሕይወት ሳለ፥ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ዳሩ ግን ሥራው ከሌላ ያልተቀዳ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በሚጨበጥ ነገር ላይ የሰፈረ መሆን አለበት። የእህቴ ልጅ ያስተማረችው በአፏና በእግሯ ነው። ዛሬ ያ ውዝዋዜ ተቀርጾ የሚገኘው ወሳጁ ባሠራው ፊልም ላይ ብቻ ስለ ሆነ፥ ለማያውቅ ሰው ወሳጁ ባለቤት፥ ባለቤቲቱ ቀማኛ መስላ ትታያለች። እርሷ ሕግ አላት፥ ጽሑፍ ግን የላትም።

አንዳንድ ሰው «እንግዲህ እስክስታን ሊያጥሩት ነውን?» ብሎ ይሠጋ ይሆናል። ሥጋቱ ተገቢ ነው፥ መልሱ ግን ቅርብ ነው። ፊደል የሁሉ ነው፥ በፊደል የተጻፈው መጽሐፍ ግን ደራሲ አለው። እንዲሁም የትከሻው ንቅናቄና የእግሩ ምት የአባቶች ርስት ነውና ማንም ለብቻው ሊይዘው አይገባም፤ ከዚያ ተመርጦ፥ ተሰካክቶ፥ በአዲስ ሥርዐት የቆመው ግን የደከመበት ሰው ነው።

ሊቃውንቶቻችን ይህን ከሁሉ ይልቅ ያስተውሉታል። የድጓው ዜማ ምልክት ስላለው መምህሩ ቢሞት መጽሐፉ ይመሰክራል፤ ዝማሜውና መረግዱ ግን በብዛት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በዓይንና በእግር ስለሚተላለፍ፥ ጉባኤው ሲፈታ ብዙ ነገር ይጐድላል። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶች ለቃል ብቻ አላሉትም።

ስለዚህ ውዝዋዜ የምትደርሱ ልጆቻችን ሆይ፥ ሥራችሁን ከማሳየታችሁ በፊት አስቀርጹት፤ ቀኑንና የተወዛዋዦቹን ስም ጻፉበት። እናንተም መድረክና ፊልም የምታሰናዱ፥ የዘፋኙን ስም በምትጽፉበት ገጽ ላይ እግሩን ያስተማረውንም ስም ጨምሩ። የሚፈጀው አንዲት መስመር ነው።